አሮጌ የእጅ ሰዓት ልትገዙ ነው? «ይሠራል?» ብላችሁ አትጀምሩ

አሮጌ ሰዓት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። አንስቶ ይነቀንቀዋል፣ ጆሮው ላይ ያስጠጋዋል፣ ከዚያ «ይሠራል?» ይላል። ሻጩም «እንደ አዲስ!» ይላል። ዋናው ነገር እዚያው ላይ ታለፈ።

ሜካኒካል ሰዓት እንዲፈታ ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው። ማሽኑ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ዘይት ይቀባል፣ ያለቀው ዕቃ ይቀየራል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ፊቱ ግን እንዲህ አይደለም። ቁጥሮቹና ጽሑፉ ያሉበት ያ ስስ ሳህን አንዴ ውሃ ከበላው ወይም እንደገና ከተቀባ፣ የፋብሪካውን መልክ ማንም አይመልስለትም። ቀፎውም ያው ነው፤ ተሞርዶ ያለቀ ብረት አይበቅልም። ስለዚህ እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ፊቱ፣ ቀጥሎ ቀፎው፣ ማሽኑ መጨረሻ።

ምሳሌዬን በአብዛኛው ከሴይኮ ፋይቭ አመጣለሁ። ምክንያቱም አሮጌ ሰዓት ሲባል ብዙ ሰው እጅ የሚገባው እሱ ነው። ከአባት የተረፈ፣ ከጅዳ ወይም ከዱባይ የመጣ፣ ቴሌግራም ላይ «ኦርጅናል ጃፓን» ተብሎ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። ሴይኮ ይህን ስም የጀመረው በ1963 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፋይቭ የተባለው በአምስት ነገሮች ነው፦ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል፣ ቀንና ዕለትን በአንድ መስኮት ያሳያል፣ ውሃ ይቋቋማል፣ መሙያው ወደ 4 ቁጥር ወርዶ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፣ ቀፎውና ማሰሪያው ጠንካራ ናቸው። እንግዲህ ይህ ሰዓት በብዛት ስለተሠራ በብዛት ተጠግኗል፣ በብዛትም ተቀባብቷል።

ፊቱ

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ቀለም የነካ ቦታ እንደሚፈልገው ሁሉ፣ የሰዓት ገዢም የሚያድነው ቀለም ነው። ሰብሳቢዎች በአሽሙር የቦምቤይ የሚሏቸው ሰዓቶች አሉ። ከሕንድ፣ በተለይ ከሙምባይ የሚመጡ ናቸው። የድሮ ሴይኮ ማሽን ይዘው፣ ፊታቸው ግን በደማቅ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ እንደ አዲስ ተቀብቷል። ሥራቸው ሕገወጥ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ በርካሽ ይሸጣሉ፤ ውበታቸውን ወዶ የሚገዛቸውም አለ። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ተቀብቶ የመጣውን ሰዓት «ሃምሳ ዓመት ተቀምጦ ነው» ብሎ በኦርጅናል ዋጋ ሲሸጥላችሁ ነው።

እንዴት ይለያል? በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱና አስፉት። በእጅ የምትያዝ አጉሊ መነጽር ካለች የተሻለ። የፋብሪካ ጽሑፍ ጠርዙ ስለታም ነው፤ ፊደሎቹ እኩል ውፍረት አላቸው፣ እርስ በርሳቸው አይነካኩም። እንደገና የተጻፈ ጽሑፍ ግን ወፈር ይላል፣ ጠርዙ ይፈሳል፣ አንዳንዴ መስመሩ ያዘነብላል። የቀን መስኮቱን ጠርዝም ተመልከቱ። ቀለም ተጠራቅሞ ከታየ ብሩሽ ወይም መርጫ አልፎበታል ማለት ነው። የደቂቃ መስመሮቹ ደግሞ ከተለጠፉት የብረት ምልክቶች መሐል ጋር መግጠም አለባቸው። አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ከሆነ ፋብሪካ አልሠራውም።

ሴይኮ ላይ አንድ ተጨማሪ መፈተሻ አለ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የፊቱ ግርጌ ላይ፣ 6 ቁጥር አጠገብ፣ በጣም ደቃቅ ጽሑፍ ይኖራል። «ጃፓን» የሚል ቃልና ከጎኑ ለምሳሌ በ6119 የሚጀምር ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ፊቱ ለየትኛው ማሽን እንደተሠራ ይናገራሉ። አሁን ሰዓቱን ገልብጡት። የጀርባው ክዳን ላይም ተመሳሳይ አጻጻፍ አለ፦ አራት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ አራት አሃዝ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ የማሽኑ፣ ቀጣዮቹ አራቱ የቀፎው ናቸው። ከፊትም ከኋላም የመጀመሪያዎቹ አራቱ መስማማት አለባቸው። ፊቱ 7009 እያለ ጀርባው 6119 ካለ፣ ከሁለት ሰዓት አንድ ሰዓት ተሠርቷል። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ግን በኦርጅናልም ላይ ሊለያዩ ስለሚችሉ እነሱን አይታችሁ አትደንግጡ። ደቃቁ ጽሑፍ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ፊቱ እንደገና ለመቀባቱ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ቀቢዎቹ እሱን ለመጻፍ ብዙም አይጨነቁም።

እርጅና ራሱ ጉድለት አይደለም። እኩል የደበዘዘ፣ ነጩ ወደ ቅቤ መልክ የሄደ ፊት ብዙ ሰብሳቢ ይመርጠዋል፤ እኔም እመርጠዋለሁ። መፍራት ያለብን ከጠርዝ ወይም ከመሙያው በኩል ተነስቶ ወደ መሐል የሚገባውን እድፍ ነው። ውሃ የገባበት መንገድ ያ ነው። ፊቱ ላይ የታየው እድፍ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ ዝገት ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

በጨለማ የሚያበራው ቀለም ጉዳይ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ብዙ ሰዓቶች ላይ የሚቀባው ራዲየም ነበር። ራዲየም ግማሹ ለመጥፋት 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ብርሃኑ የጠፋው አብሮት የተቀላቀለው አብሪ ዱቄት ስላለቀ እንጂ ጨረሩ ስለቆመ አይደለም። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሰዓት ፊት ይቀቡ የነበሩ ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ታመው ሞተዋል። ሰዓቱ ተዘግቶ ከተቀመጠ የሚያሰጋው ነገር ትንሽ ነው። ቤት ውስጥ ከፍቶ ቀለሙን መፋቅ ወይም አቧራውን መተንፈስ ግን አደገኛ ነው። ቡናማ ሆኖ የተሰነጣጠቀ ቀለም ያለው የ1940ዎቹ ወይም 50ዎቹ ሰዓት ካያችሁ አትክፈቱት፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ከራዲየም በኋላ ትሪቲየም መጣ። የስዊስ ሰዓቶች ላይ ከ6 ቁጥር ሥር ስዊስ የሚለው ቃል ግራና ቀኝ ቲ የሚል ፊደል ተጽፎ ይታያል። የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ 12 ዓመት ከጥቂት ወራት ነው። ስለዚህ የ1970ዎቹ ትሪቲየም ዛሬ ሊያበራ አይችልም። ሌሊቱን ሙሉ የሚያበሩት ዘመናዊ ቀለሞች የመጡት በ1990ዎቹ ነው። «የ1968 ነው፣ ምንም አልተነካም» የተባለ ሰዓት እንደ መንገድ መብራት ካበራ፣ ተነክቷል። ሱቆች ብር የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት ካገኛችሁ ጠቋሚዎቹንና ፊቱን አብሩባቸው። ሁለቱ በአንድ ዓይነት መልክ ካላበሩ ከሁለቱ አንዱ ተቀይሯል።

ቀፎው

እዚህ ላይ ጠላታችን ማብረቅረቅ ነው። ሻጭ ጭረት ለማጥፋት ቀፎውን ሞርድ ላይ ያስይዘዋል። በእያንዳንዱ ጊዜ ብረት ይሄዳል። ማሰሪያው የሚታሰርባቸው አራቱ ጆሮዎች መጀመሪያ ይከሳሉ። ከላይ ሆናችሁ እርስ በርስ አስተያዩአቸው፤ አንዱ ከሌላው ከቀጠነ በእጅ ተሞርዷል። የ1970ዎቹ ሴይኮ ቀፎ ስለታም ማዕዘን አለው። አንዱ ወለል ያብረቀርቃል፣ ሌላው ደቃቅ መስመር ያለበት ደብዛዛ ነው፤ በመሐላቸው ያለው ድንበር ቀጥ ያለ ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ካበራና ማዕዘኑ ሳሙና መስሎ ከተድበለበለ፣ ሰዓቱ ቅርጹን አጥቷል። ጭረት ያለው ግን ማዕዘኑ ያልተነካ ቀፎ ሁልጊዜ ይበልጠዋል። ዋጋ ስትከራከሩ ጭረቱን እንደ ሰበብ ተጠቀሙበት፤ ቤት ስትገቡ ግን ደስ ይበላችሁ።

የጀርባው ጽሑፍም ይመሰክራል። ተፍቆ ፊደሎቹ ከሳሱ ቀፎው ብዙ ጊዜ ተሞርዷል፣ አለዚያም ብዙ ዓመት ተለብሷል። አንድ ሐረግ ደግሞ በደንብ ይነበብ። ጀርባው ላይ «ስቴንለስ ስቲል ባክ» የሚል ከሆነ የማይዝገው ጀርባው ብቻ ነው። የተቀረው ርካሽ ብረት ነው፣ ኒኬል ወይም ክሮም ወይም ወርቅ የተቀባ። የእጅ አንጓ ላብ ቅቡን ይበላዋል። ጆሮዎቹ ከታች በኩልና ከመሙያው አጠገብ ተቦርቡሮ ቢጫ ወይም ግራጫ ብረት ከታየ፣ እሱን መልሶ ማስቀባት ከሰዓቱ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ማሰሪያውን አስወልቃችሁ ካላያችሁት ይህ ቦታ አይታይም።

መስታወት ብዙ አያስጨንቅ። ከፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ጭረቱ በጥቂት ፖሊሽ ይጠፋል። ሴይኮ ሃርድሌክስ የሚለው ጠንካራ መስታወት ከሆነ ፖሊሽ አይነካውም፣ ግን ይቀየራል።

ዕድሜውን ከጀርባው ማንበብ

ሻጩ ዓመት ሲነግራችሁ ዝም ብላችሁ ስሙና ጀርባውን አንብቡ። የሴይኮ መለያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ቦታ ያለው ሲሆን፣ የመጀመሪያው አሃዝ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ነው። ሁለተኛው ወሩ ነው፦ ከ1 እስከ 9 በቁጥር፣ ኦክቶበር በ0፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር ደግሞ በእንግሊዝኛ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል። ችግሩ አሃዙ አሥርት ዓመቱን አይነግርም። 2 ማለት 1972፣ 1982፣ 1992 ወይም 2002 ሊሆን ይችላል። የሚለየው ማሽኑ ነው። 6119 የሚል ማሽን ያለው ሰዓት በ2 ከጀመረ የ1972 ነው፤ ያ ማሽን በ1982 አይሠራም ነበር። 7ኤስ26 የሚል ማሽን ያለው በ2 ከጀመረ ግን 2002 ወይም 2012 ነው፤ ምክንያቱም ይህ ማሽን የመጣው በ1996 ነው። «የአባቴ ነው፣ በ82 የገዛው» ያላችሁ ሰው 7ኤስ26 ከያዘ፣ አባትየው የገዙት ከመሠራቱ በፊት ነው።

የዕለቱ ስም የተጻፈበት ቋንቋም ፍንጭ ይሰጣል። ሴይኮ ዕለቱን በሁለት ቋንቋ ያትም ነበር፣ እንደሚሸጥበት ገበያ። መሙያውን ስታዞሩ ዕለቱ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ከተፈራረቀ ሰዓቱ ለመካከለኛው ምሥራቅ የተሠራ ነበር። ከሳዑዲ ወይም ከኩዌት የመጣ ነው የሚለው ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ማሽኑ

አሁን ወደ «ይሠራል?» ደረስን። በመጀመሪያ ጉድለት ያልሆነውን ላስቀድም፤ ደህና ሰዓት ተበላሽቷል ተብሎ እንዳይጣል። 6119፣ 7009 እና 7ኤስ26 ማሽኖች በመሙያው አይሞሉም። መሙያውን ብታዞሩት ምንም አይሰማችሁም፤ የተሠሩት እንደዚያ ነው። መሙያውን ስትስቡት የሴኮንድ ጠቋሚው አይቆምም፤ ይህም ደህና ነው። የሚሞሉት በመወዝወዝ ነው። ሰዓቱን ጠፍጣፋ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ክብ ክብ አዙሩት። ጠቋሚው ወዲያው መነሳት አለበት። ቀጥ ብሎ ቆሞ በኃይል ሲናጥ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ዘይቱ ደርቋል።

ሌላው እኛ ዘንድ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሰዓታችንን በአገራችን አቆጣጠር የምንሞላ ሰዎች ቀኑ ማታ 12 ሰዓት ላይ ወይም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየርብናል። ማሽኑ የሚያውቀው ጠቋሚው 12ን ሲያልፍ ነው፤ የትኛው 12 እንደሆነ አያውቅም። «ቀኑ ያለ ሰዓቱ ይዘላል» ተብሎ ርካሽ የቀረበላችሁ ሰዓት ምንም ላይሆነው ይችላል። ጠቋሚዎቹን በእጅ ወደፊት አዙራችሁ የሰዓት ጠቋሚውን ሁለት ሙሉ ዙር አስሞሉት፤ ቀኑ አንዴ መቀየር አለበት። ቀኑን ብቻ በፍጥነት መቀየር ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ የሰዓት ጠቋሚውን ወደ ታች ወደ 6 ቁጥር አውርዱት። ከ9 ቁጥር አንስቶ 12ን አልፎ እስከ 3 ባለው ክልል ውስጥ የቀን መቀየሪያው ጥርስ ተያይዞ ሊሆን ስለሚችል በግድ ብትነኩት ይሰበራል። ብዙ ሰዓት የሚበላሽበት መንገድ ይህ ነው፤ በገዢ እጅ፣ ሻጩ ፊት።

ድምፁን ስሙ። እነዚህ ሴይኮዎች በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታሉ፤ በሴኮንድ 6 ማለት ነው። ስለዚህ የሴኮንድ ጠቋሚው ይንሸራተታል። በሴኮንድ አንዴ ዘለል እያለ የሚሄድ «አውቶማቲክ» ካጋጠማችሁ ውስጡ ባትሪ ነው። ሰዓቱን በጀርባው፣ በፊቱ፣ መሙያውን ወደ ታች አድርጋችሁ እያፈራረቃችሁ አዳምጡ። ድምፁ በአንዱ አቀማመጥ ብቻ ከደከመ ማሽኑ መታደስ ይፈልጋል። ስታወዛውዙት የሚያፋጭ፣ ብረት በብረት የሚመስል ድምፅ ካለ ውስጥ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላው ክብደት ተሸካሚው ላልቷል።

ይቀድማል ወይስ ይዘገያል? ይህ ገዢን ብዙ የሚያሳስት ጥያቄ ነው። በቀን በደቂቃዎች የሚቀድም ሰዓት ብዙ ጊዜ ማግኔት ይዞት ነው። የድምፅ ማጉያ፣ የስልክ ሽፋን ላይ ያለ ማግኔት ይበቃዋል። የስልካችሁን ኮምፓስ ክፈቱና ሰዓቱን አስጠጉት። መርፌው ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁ፤ ሰዓት ሠሪ ዘንድ በትንሽ መሣሪያ ወዲያውኑ ይለቀቃል። የሚዘገይና ምቱ የደከመ ሰዓት ግን የደረቀ ዘይት ወይም የደከመ ሞላ ነው፣ ሥራ ይጠብቀዋል። ፍጹም ትክክል እንዲሆን አትጠብቁ። እነዚህ ማሽኖች አዲስ ሆነው ከፋብሪካ ሲወጡ እንኳ በቀን የተወሰኑ ሴኮንዶች ወዲያ ወዲህ ማለት ይፈቀድላቸው ነበር።

ሰዓት ሠሪው የምት መለኪያ ካለው፣ ወይም ስልክ ላይ የሚጫነውን ዓይነት መተግበሪያ ከተጠቀማችሁ፣ ሁለት ቁጥር ተመልከቱ። አንዱ ማሽኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የምትለው ትንሽ መንኮራኩር የመወዛወዟ ስፋት በዲግሪ ነው። ጤነኛ ዘመናዊ ሰዓት ከ270 እስከ 310 ያሳያል። አሮጌ ሴይኮ ከዚያ ዝቅ ብሎ 220 ወይም 240 ላይ ቢሆን አያስደነግጥም። ከ200 በታች ከሆነ መታደሻውን ከዋጋው ቀንሱ። ሁለተኛው በሚሊሴኮንድ የሚሰጠው የምት መዛባት ነው፤ ከ1 በታች ጥሩ ነው። ስልኩ ጫጫታ ያለበት ቦታ ላይ የውሸት ቁጥር ስለሚሰጥ መርካቶ መሐል ቆማችሁ በእሱ አትማሉ።

ክዳኑ ይከፈት

ከበድ ያለ ገንዘብ የምትከፍሉ ከሆነ ክዳኑ ሳይከፈት አትክፈሉ። ሻጩ እምቢ ካለ፣ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ራሳችሁ በቢላ አትፈልቅቁት፤ ሰዓት ሠሪ በቁልፉ ይክፈተው። ሲከፈት ማየት የሚገባችሁ ብዙ አይደለም። የማሽኑ ቁጥር እላዩ ላይ ተቀርጿል፤ ከጀርባው ቁጥር ጋር ይግጠም። የብሎኖቹ ራስ ተፋፍቆ ጠርዙ ከተነሳ ብዙ እጅ ገብቶበታል። ከሚዞረው ክብደት መሐል ዙሪያ ቀላ ያለ ዱቄት ካለ ደርቆ ሲፋጭ ኖሯል። በመሙያው መግቢያ በኩል ዝገት ካለ፣ ፊቱ ላይ ካያችሁት እድፍ ጋር አገናኙት። በማሽኑና በቀፎው መካከል የታጠፈ ወረቀት ወይም ልክ ያልሆነ ፕላስቲክ ከተሰካ ማሽኑ የሌላ ሰዓት ነው።

የስዊስ ሰዓት፣ ለምሳሌ አሮጌ ኦሜጋ፣ ከሆነ ይህ ፍተሻ የግድ ነው። ኦሜጋ የማሽኑን ቁጥርና መለያውን ማሽኑ ላይ፣ የቀፎውን ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ በክዳኑ የውስጥ በኩል ነው የሚጽፈው። ከውጭ ስሙን ብቻ አይቶ መግዛት በአሮጌ ኦሜጋ የሚያዋጣ ነገር አይደለም። ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ፎርጂዱም ገጣጥሙም በዚያው ልክ ይበዛል።

በስልክ ብቻ የምትገዙ ከሆነ የምትጠይቁት ፎቶ ይኸው ነው፦ ፊቱ በቀን ብርሃን ያለ ማጣሪያ፣ ሁለቱ ጎኖች፣ ጀርባው ቁጥሩ እንዲነበብ ሆኖ፣ ማሰሪያው ወልቆ ጆሮዎቹ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ማሽኑ። ከዚያ በላይ ቀኑ ሲቀየር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ። ፎቶው ሁሉ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ሌላኛው አቅጣጫ ላይ የተደበቀ ነገር አለ ብላችሁ ጀምሩ።

ዋጋውን ስትቆርጡ መታደሻውን ጨምራችሁ አስቡ። መቼ እንደታደሰ ማስረጃ የሌለው ሰዓት እንዳልታደሰ ይቆጠር። ለተራ ሴይኮ ፋይቭ የመታደሻው ክፍያ ከሰዓቱ ዋጋ ጋር ሊተካከል ይችላል፤ ስለዚህ የቆመ ሴይኮ በጣም ርካሽ ካልሆነ አያዋጣም። ይህም ሆኖ ፊቱ ንጹሕ፣ ቀፎው ያልተሞረደ የቆመ ሰዓትና ተቀብቶ የሚሠራ ሰዓት በእኩል ዋጋ ከቀረቡልኝ፣ የቆመውን ነው የማነሳው። ገዝታችሁ ስታሳድሱ ደግሞ ሰዓት ሠሪውን አስቀድማችሁ «ቀፎውን እንዳትሞርድ፣ ፊቱን እንዳትነካ» በሉት፤ ካልነገራችሁት ለእናንተ ብሎ ያብረቀርቀዋል። ጀርባው ላይ ውሃ ይቋቋማል ቢልም ጎማው ተቀይሮ በግፊት እስካልተፈተሸ ድረስ እጃችሁን ስትታጠቡ እንኳ አውልቁት።